«ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ» ይብቃን!

ለሥራ ስናመለክት ቅጹ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ የተተወለት ጥያቄ አለ። «ስለ ራስዎ ይግለጹ»፣ «ይህን ሥራ ለምን ፈለጉት?» ይላል። እኛስ ምን እንጽፋለን? «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ ጫናን የምቋቋም ነኝ።» ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው ተመራቂ ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ይመስል ቃሉ አንድ! ድሮ ከታላቅ ወንድም ማመልከቻ ይገለበጥ ነበር፤ ዛሬ ስልኩ ይጽፍልናል። የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ጓዶች፣ በእኛ ብቻ አልፈርድም። ከ12ኛ ክፍል ፈተና አንስቶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም እስከተባለበት የመውጫ ፈተና ድረስ የተጠየቅነው «ሀ» ነው ወይስ «ለ» ነው። ምርጫ የለመደ እጅ ባዶ ወረቀት ሲሰጡትም ምርጫ ይፈልጋል። «ታታሪ» ብሎ መጻፍ «ሀ»ን ከማክበብ በምን ይለያል?

እስቲ ዳባትን እንመልከት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ ወረዳ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልደትና የሞት መረጃ ቤት ለቤት ሲያሰባስብ ኖሯል። ሰው ሲሞት ጠያቂው ሄዶ ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረ ቤተ ሰቡን ያናግራል፤ ሐኪሞች ከዚያ ተነሥተው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንዲህ ስትጠየቅ ትኩሳቱ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረ፣ ልጁ መቼ ምግብ እንደ ተወ፣ ማን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ እንዳደረሰው ትናገራለች። «ሕመሙ ከባድ ነበር» ብላ ብታቆም ሐኪሙ ምን ያውቃል? ክፍት ጥያቄ እንዲህ ነው የሚመለስ፤ በሆነው ነገር!

እኛም እኮ የሆነ ነገር አለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከአዲ አርቃይ በኩል ያፈናቀላቸው ወገኖች ደባርቅ ሲገቡ ስም የመዘገበ፣ እህል ያከፋፈለ ተማሪ አለ። እሱ ነው ዛሬ «ጫናን እቋቋማለሁ» ብሎ የሚያልፍ? ስንት ሰው መዘገበ? እህሉ ሲያልቅ ለተሰለፈው ሰው ምን አለ? ያን ይጻፍ! ሌላው ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ለቱሪስት በቅሎ እየነዳ የደብተርና የልብሱን ችሏል፤ እንግሊዝኛውንም የለመደው እዚያው መንገድ ላይ ነው። እሱም «ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ» ይላል። ወይ ጉድ!

«አንተ ሞኝ፣ ሥራ በዘመድ ነው፤ ማን ያነበዋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ዘመድ የሚሠራበት ቦታ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን አርባ ወረቀት አንድ ዓይነት ሲሆን ለመምረጫ ከዝምድና በቀር ምን ቀረ? ለአድሏዊው ሰው ምክንያት የምናቀብለው እኛው ነን። ሊጣራ የሚችል መልስ መዝገብ ውስጥ ካለ ግን ቅሬታ ስታቀርብ ጣትህን የምታሳርፍበት ነገር አለህ።

ቀጣሪዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። ሥራው በአማርኛ የሚሠራ ሆኖ ሳለ መልሱን በእንግሊዝኛ የሚሹ፣ ጥያቄው ስንት ነጥብ እንደሚይዝ የማይናገሩ፣ አለፍክም ወደቅክም የማይሉ አሉ። ወይ ያንብቡ፣ ወይ አይጠይቁ!

እስከዚያው ብዕሩ በእጃችን ነው። ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ማመልከቻችሁ ራሳችሁን አታሞግሱ፤ ያደረጋችሁትን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደ ሆነ ጻፉ። ባዶው ቦታ የእኛ ነው፤ በሰው ቃል አንሙላው!