ዘግይቶ ለደረሰው ማን ይወስን?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ደግሞ አባቶቻችን ጠላ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የማያወሩትን ላነሳ ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰርን። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ነርስም ፋርማሲስትም ሐኪምም የሆናችሁ አላችሁና የምታክሉት ካለ አክሉ።

ወለቃ ላይ ወገቡን ያመመው አባት «ብርድ ነው» ይላል። ሽንት ሲቸግረው «እርጅና ነው»። ጠበሉን፣ መታሸቱን ሞክሮ ጎንደር ሆስፒታል ሲደርስ ካንሰሩ አጥንት ገብቷል። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «ቶሎ ተመርመሩ» የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሕክምናውን የሚወስነው ማን ነው?

በአገራችን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያገኘው ሐኪም ነው። በቃ፣ ዕጣ በሉት።

ምርጫው ግን ከባድ ነው። ይህ ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ነው፤ ቻርልስ ሃጊንስ ይህን ካሳየ (እ.ኤ.አ. 1941) ብዙ ዘመን ሆነው። ሆርሞኑን ለማስቆም ወይ ቆለጥን በቀዶ ሕክምና ማውጣት፣ ወይ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ መርፌ መወጋት ነው። ቀዶው አንዴ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይመለስም። መርፌው ገንዘብ ይፈልጋል፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ከፋርማሲ ሲጠፋ ይቋረጣል። ስለዚህ ቀዶውን የሚመክር ሐኪም አጥፍቷል አልልም። ግን ፋርማሲስቱ ስለ አቅርቦቱ ሳይጠየቅ፣ ሰውዬውና ባለቤቱ ምን እንደሚቀርባቸው ሳይነገራቸው የተፈረመ ፊርማ ስምምነት ይባላል እንዴ?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 790 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት የሆርሞን ሕክምናው ሲጀመር ዶሴታክሰል የተባለው ኬሞ ቢጨመር የመኖሪያ ጊዜው አጋማሽ ከ44 ወር ወደ 57.6 ወር ከፍ እንዳለ አሳይቷል። በግልጽ የጠቀመው በሽታው በብዛት ለተሰራጨባቸው ነው፤ እንደኛ ላሉ ዘግይተው ለሚመጡት ማለት ነው። ያንን የሚያሰላው የካንሰር ሐኪሙ ነው። ሰውዬው ብቻውን እንደሚኖር፣ ትኩሳት ቢይዘው የሚያመጣው እንደሌለ የምታውቀው ደግሞ ነርሷ ናት። ሁለቱ ካልተገናኙ ማን ያገናኛቸው?

ጨረርም እንዲሁ። ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ከተደጋጋሚው ባልተናነሰ ሕመሙን ያስታግሳል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚሄድ ገበሬ ይህ ለሳምንታት ቤት ከመከራየትና በሬ ከመሸጥ ያድነዋል። ከመሳፈሩ በፊት ለጨረር ሐኪሙ አንድ ስልክ መደወል ነው። (እግሩ በድንገት ከደከመ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።)

«ባለሙያ የለም፣ ማሽን የለም» ትሉኝ ይሆናል። ሐኪሞች ቱመር ቦርድ የሚሉት ነገር እኮ ማሽን አይደለም፤ ጠረጴዛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ የሌለውን ባለሙያ የሚያስገባ ስልክ ነው። እኔ የምፈራው የኛን ነገር ነው፤ አንቱ የተባሉት ስፔሻሊስት ከተናገሩ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ከሆነ አሥር ሰው ቢቀመጥም የወሰነው አንድ ሰው ነው።

ቤተሰብም አለንበት። ኮሪደር ላይ «አባባ እንዳይሰሙ» እያልን የምናንሾካሹክ እኛው ነን። ስለ ገዛ አካላቸው የሚወሰነው ሳይሰሙ ነው።

ሆስፒታል የምትሠሩ ልጆቼ፣ እናንተ ጋ ስብሰባው አለ? ነርስ ትናገርበታለች? የተወሰነው ከነምክንያቱ ተጽፎ ለታማሚው ይሰጣል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።