ሁለተኛው ናዳ

ባለፈው ክረምት ሻንቶ አጠገብ አንዲት ጥጃ ቦረቦር ውስጥ ገባች። (ቦረቦር ስንል ጎርፍ የቆፈረውን፣ በየዓመቱ የሰው ማሳ እየበላ የሚሰፋውን ገደል ማለታችን ነው። የዳሞት ፑላሳ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የአዲስ አበባ አንባቢ የመንገድ ጉድጓድ እንዳይመስለው ብለን ነው።) ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ በአራተኛው ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች፤ መሬቱ ይጨሳል። ጥጃዋ ታች ሆና ትጮኻለች። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በሙሉ አፋፉ ላይ ተሰለፈ። ገመድ ይዞ የመጣ አለ፣ ምክር ይዞ የመጣ አለ፣ ምንም ሳይዝ የመጣም አለ። እኛ ከመጨረሻዎቹ ነን።

ከኋላችን አንድ ሽማግሌ "እናንተ ልጆች፣ ከአፋፉ ራቁ! መሬቱ ውኃ ጠጥቷል" እያሉ ይቆጣሉ። የሰማቸው የለም። እኛም "እሺ አባባ" ብለን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድንና፣ እንዲታየን ደግሞ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ተመለስን። የቆምንበት ቦታ ላይ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ እንደነበረች ያየነው ጥጃዋ በገመድ ከወጣች በኋላ ነው።

ማንም ስላልተጎዳ ወሬው እዚያው አለቀ። ከእኛ ራስ ግን አልወጣም፤ ምክንያቱም ሐምሌ ወር ነበረ፣ ሐምሌ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለደቡብ ሰው ሌላ ስም አለው።

የሆነውን እናስታውስ። ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። አገሬው እንደ ወጉ ነቅሎ ወጣ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ይቆፍር ጀመር። በማግስቱ ሰኞ ረፋድ ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ከላይ ያለው ተራራ ደግሞ ወረደ። ከተቀበሩት መካከል ሊረዱ የመጡ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ (ኦቻ) የአካባቢውን ባለሥልጣናት ጠቅሶ በዚያው ሳምንት 257 ሰው መሞቱን ገለጸ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 29፣ እዚሁ ወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ውስጥ ናዳ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ።

አሁን ቁጥሩን ትታችሁ ቅደም ተከተሉን እዩት። የመጀመሪያው ናዳ የቀበረው ጥቂት ቤት ነው። እልቂት ያደረገው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው የመጣው ደግሞ ደግ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ናዳ ቀኑንና ሰዓቱን የሚነግራችሁ ሳይንቲስት የለም፤ እንነግራችኋለን የሚል ካለም ጠርጥሩት። ሁለተኛው ግን መልእክተኛ ልኳል፤ መልእክተኛው የመጀመሪያው ናዳ ራሱ ነው። አንድ ተዳፋት ከሥሩ ሲናድ ከላይ የቀረው አፈር የሚደገፍበትን ያጣል። የተቆረጠው ፊት እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል፤ ውኃ የጠጣ አፈር ደግሞ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልበትም። ዝናቡ ቢያባራም ውኃው ገና ወደ ውስጥ እየሰረገ ስለሆነ አፈሩ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊለቅ ይችላል። ፀሐይ መውጣቷ ምስክር አይሆንም። ሽማግሌው "ውኃ ጠጥቷል" ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ እኛ ዲግሪ የያዝነው ነን ያልገባን።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ (የትኛው ተዳፋት ዛሬ ይለቃል? ከለቀቀስ በኋላ ማን ይገባል? እንዴት?) ሥራዬ ብለው የያዙትን ሰዎች ፍለጋ ሄድንና ያገኘናቸው ባልጠበቅነው ቦታ ነው፤ በረዶ ላይ። የአልፕስና የሰሜን አሜሪካ ተራራዎች ላይ፣ ከተጠረገው መንገድ ወጥተው፣ ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳ እግራቸው ላይ አስረው ቁልቁል የሚሸራተቱ ሰዎች። ስኪ ይሉታል። ለእኛ በረዶ ማለት በቆሎውን አርግፎ ጣራውን ደብድቦ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ለእነሱ ወራት የሚቆይ፣ በየሌሊቱ ባሕርይው የሚለዋወጥ መሬት ነው። (አትሳቁ፣ እኛም ስኪ ላይ ሰው አለን። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቱሪን፣ በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። እሱ የሮጠው በሜዳው ስኪ ነው፤ ናዳ ያለበት ሌላ ነው።)

የበረዶ ናዳ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። በረዶ በረዶ ላይ ይደራረባል። ከንብርብሮቹ አንዱ ደካማ ይሆንና ከላይ አዲስ በረዶ፣ ነፋስ ያመጣው ክምር፣ ወይም ድንገተኛ ሙቀት ሲጨመርበት ላይኛው እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ይወርዳል። አብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 የአውሮፓ አገሮች አንድ የጋራ መለኪያ ላይ ተስማሙ፤ ከ1 እስከ 5። በክረምታቸው ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ሬዲዮ እንደሚከፍት ያህል ይህን ቁጥር አይቶ ይወጣል፤ ዛሬ 2 ነው፣ ዛሬ 4 ነው፣ በዚህ ከፍታ፣ በዚህ አቅጣጫ።

የገረመን ግን ቁጥሩ አይደለም። ትልቁን የሞት ድርሻ የሚወስደው 5 ወይም 4 ሳይሆን 3 መሆኑ ነው። 5 ሲባል ሰው ቤቱ ይቀመጣል። 3 ሲባል "እስኪ እንየው" ይላል። በናዳ ከሚያዙት የስኪ ሰዎች ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ነው።

ኢያን መክካሞን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ700 የሚበልጡ አደጋዎችን ሰብስቦ አጥንቶ ነበር። ሰዎቹን ካሳቷቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ያገኘው ልማድ ነው፤ ተዳፋቱን ማወቅ። ሥልጠና ያላቸው ሰዎች እንኳ በለመዱት ቦታ ላይ ሥልጠናቸውን ይረሱታል። "መቶ ጊዜ ወርጄበታለሁ" ይላሉ። ይህን ስናነብ ስንት ጊዜ የሰማነው ቃል ትዝ አለን፤ "አያቴም አባቴም እዚሁ ኖረው ሞቱ፣ ምን ሊሆን?" የሚለው። አያት የኖሩበት ተዳፋትና የልጅ ልጅ የሚኖርበት ተዳፋት አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ መሬት አይደሉም። አያት ዘመን ላይ እንሰትና ዛፍ የነበረበት ዛሬ እስከ አፋፉ ታርሷል፤ ለቤት ተብሎ ሥሩ ተቆርጧል፤ መንገድ ወጥቶበታል። ዝናቡም የሚመጣበት መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። የስኪ ሰዎች ትልቁ ትምህርታቸው ይህ ነው፤ የትናንቱ በረዶ የዛሬው አይደለም፣ ስለዚህ ትናንት መውረድህ ለዛሬ ማስረጃ አይሆንም።

ሁሉን ነገር ከበረዶ ገልብጠን እናምጣ እያልን አይደለም። ትልቅ ልዩነት አለ፤ የስኪ ሰው ፈልጎ ይወጣል፣ ካልፈለገ ቡናውን ይጠጣል። የኪንዶ ዲዳዬ ገበሬ ተዳፋቱ ላይ የሚኖረው ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። ወላይታ ውስጥ የአንድ አባወራ ማሳ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። "ከአደጋ ቀጠና ተነሱ" ብሎ መናገር ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ወዴት? ለሚለው መልስ ከሌለው ግን ምክር ሳይሆን ስድብ ይሆናል። ይህ ሰፈራን፣ መሬትን፣ ገንዘብን የሚነካ ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ አንጨርሰውም።

እኛ የያዝነው ትንሹን ነው። መጀመሪያው ናዳ ከወረደ በኋላ ያሉትን ሰዓታት።

የስኪ ሰዎች ጓደኛቸው ሲቀበር እንደ እኛ ነው የሚሆኑት፤ እንዲያውም ይብስባቸዋል፤ ምክንያቱም በረዶ ውስጥ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ተስፋው በጣም ይመነምናል። እርዳታ ከከተማ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ነው። እንዲያም ሆኖ የሚማሩት የመጀመሪያ ነገር አካፋ አያያዝ አይደለም። ወደ ላይ ማየት ነው። የቀረ የሚወርድ ነገር አለ? አንድ ሰው ደህና ቦታ ላይ ቆሞ ተዳፋቱን ብቻ ይጠብቃል፤ አይቆፍርም፣ አያለቅስም፣ ዓይኑን ከላይ አይነቅልም። የሚገቡት ጥቂት ናቸው፤ ናዳ ቢመለስ በየት እንደሚሸሹ አስቀድመው ያውቃሉ።

እዚህ ላይ የሚነሳብንን ቁጣ እናውቀዋለን። ወንድሙ ጭቃ ሥር ላለ ሰው "ቆይ፣ መጀመሪያ ወደ ላይ እይ" ይባላል? በዚያች ሰዓት አይባልም፤ ቢባልም አይሰማም። ስለዚህ ነው በዚያች ሰዓት ሳይሆን ዛሬ የሚባለው፣ ሰው ረጋ ባለበት። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር አጥተን አይደለም፤ እድር አለን። ሲሞትብን ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን ጡሩምባ እንደሚነፋ ቀድሞ የተመደበ ነው፤ በለቅሶ ቀን ማንም ሥራ አይከራከርም። ያው እድር "ናዳ ሲወርድ ተዳፋቱን የሚጠብቁት እነ እገሌ ናቸው፣ ጡሩምባው ሲነፋ አካፋውን ጥሎ መውጣት ግዴታ ነው" ብሎ ቢደነግግ ምን ያግደዋል? የቀረ ሰው በለቅሶ እንደሚቀጣው ጡሩምባ ሰምቶ ያልወጣ ይቀጣ። ቆፋሪው በየተራ ይግባ፤ ተመልካቹ ከነጭራሹ አይጠጋ። ጎፋ ላይ ስንቱ ቆፋሪ፣ ስንቱ ሊያይ የመጣ እንደነበረ ማንም አልለየውም። እኛ ግን በጥጃዋ ቀን ከየትኞቹ እንደነበርን እናውቃለን።

ከናዳ በፊት ያለውም ቢሆን ከሰማይ የሚወርድ ዕውቀት አይደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት "በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ከመደበኛ በላይ ዝናብ" ሲል እውነቱን ነው፤ ግን ተራራዬን አያውቀውም። ተራራዬን የማውቀው እኔ ነኝ። በላይኛው ማሳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሄደ አዲስ ስንጥቅ፤ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ሲደፈርስ፣ ወይም ጭራሹን ሲጠፋ፤ ባልነበረበት ቦታ ውኃ ሲፈልቅ፤ አጥርና ዛፍ ወደ ቁልቁል ሲዘነበል፤ ትናንት የሚዘጋ በር ዛሬ አልገጥም ሲል። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል መትቶ መካከላቸውን በገመድ መለካት ይቻላል፤ ነገ ገመዱ ካጠረ መሬቱ እየሄደ ነው። ይህን ለማወቅ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ችካሉን ለየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ማስተማር ቢፈልግ ከደጁ ነው።

አንድ የምንፈራው ነገር አለ፣ እሱን ሳንናገር ብናልፍ ሐቀኛ አንሆንም። ማስጠንቀቂያ ይሳሳታል። ሰው ሦስት ሌሊት ልጅ አዝሎ በዝናብ ወጥቶ ተራራው ካልወረደ በአራተኛው አይወጣም። የስኪ ሰዎች ቁጥር 3 የገዳይ ቁጥር የሆነው አንድም በዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት መውጣቱን ማቅለል ብቻ ነው። መውጣት ቀላል ከሆነ በከንቱ መውጣትም አያስመርርም።

ደግሞም ቀላል ሊሆን ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በየቀበሌው ደልደል ያለ ቦታ ላይ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ባዶ ክፍል አለ፤ ልክ ናዳ በሚበዛበት ወቅት ባዶ። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ከብትም ያስገባል፤ ላሟን ትታ የምትወጣ እናት የለችምና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ተዳፋት ሥር አለመሆኑን አስቀድሞ አይቶ፣ ከባድ ዝናብ በጣለባቸው ሌሊቶች ከላይኛው ተዳፋት ያሉ ቤተሰቦች እዚያ ቢያድሩ ወጪው ምንድነው? ጥቂት ሳር፣ አንድ ፋኖስ፣ ጠዋት መጥረጊያ።

ይህን ሐሳብ ይዘን አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። ዘበኛው በደንብ ተቀበሉን፣ ሐሳቡም ጥሩ ነው አሉ። ቁልፉ ማን ጋ ነው አልናቸው። ርእሰ መምህሩ ጋ። ርእሰ መምህሩስ? ለክረምት ቤተሰባቸው ጋ ሄደዋል፣ ለመስከረም ይመለሳሉ።