የገላ ብሩሽ ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አሜሪካና አረብ አገር ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ከሚልኳቸው ዕቃዎች መካከል እጀታው ረጅም የሆነ የገላ ብሩሽ አንዱ ሆኗል። ከመታጠብ በፊት፣ ውሃ ሳይነካው ገላን በደረቁ የሚቦርሹበት ነው። “በየቀኑ ተቦረሺበት፣ መርዝ ያስወጣል፣ ስብ ያጠፋል” የሚል ምክርም በስልክ ይከተለዋል። ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ስለዚሁ እናውጋ።

ብሩሽ ከላይ ያለውን የሞተ ቆዳ ያራግፋል። ገላ ለስለስ ይላል፤ ደም ለጊዜው ወደ ቆዳው ስለሚመጣም ሞቅ ይላል። ይህ እውነት ነው። መርዝ ያስወጣል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ደማችንን የሚያጠሩልን ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የሊምፍ ፈሳሽን የሚያንቀሳቅሰውም በዋናነት የጡንቻችን እንቅስቃሴና ትንፋሻችን ስለሆነ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር ደርሶ መመለስ ከብሩሹ ይበልጣል። የጭን ስብም በመቦረሽ አይጠፋም።

የወጣት ቆዳ በአንድ ወር ገደማ ራሱን ያድሳል። ዕድሜ ሲገፋ እድሳቱ ይዘገያል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ወዙም ይቀንሳል። ለ20 ዓመት ልጅ ደስ የሚል ፍተጋ የ70 ዓመት እናቷን ሊልጣት ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አዛውንቶች ደግሞ በትንሽ ነገር ይበልዛሉ።

ከሁሉ የምፈራው ለስኳር ሕመምተኞች ነው። ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል፤ ብሩሹ ሲቧጭራቸው አይሰማቸውም። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የእግር ቁስል እያጠብኩ “መቼ ቆሰሉ?” ስላቸው፣ “እኔ እንጃ ልጄ፣ ካልሲዬ ላይ ደም አይቼ ነው” ያሉኝ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ጭረት ሲያመረቅዝ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሸካራ ብሩሽና ምላጭ እግራቸው አጠገብ አይድረስ፤ የተረከዝ ድንጋይም ቢሆን ያለ ባለሙያ ምክር አይነካቸው። የእነሱ የየዕለት ተግባር ሌላ ነው፦ ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ በጣቶች መሐል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ከጣቶች መሐል በቀር እግርን ቫዝሊን መቀባት፣ ከዚያም ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት። ዓይን ከደከመ የልጅ ልጅ ይይላቸው።

ችፌ ያለበትን ሕፃን አትቦርሹ፤ ይብስበታል። ሌሊት ሌሊት ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከሆነም አንድ ቤት የሚኖር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታከማል። ሽፍታ ሳይኖር አዛውንትን ለሳምንታት የሚያሳክክ ነገርም የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የስኳር ምልክት ሊሆን ይችላልና ይመርመሩ።

ቆዳችሁ ጤነኛ ከሆነና ብሩሹን ከወደዳችሁት ግን አልከለክላችሁም። ለስላሳውን ምረጡ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃል። ከእግር ጀምራችሁ ወደ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ቦርሹ። ፊትን፣ ቁስልን፣ ያበጠ የደም ሥርንና እባጭን አትንኩ። ካቃጠላችሁ አቁሙ። ከታጠባችሁ በኋላ ገላችሁ ርጥበቱ ሳይለቀው ቫዝሊን ወይም ቅባት ተቀቡ። ብሩሹን ከማንም ጋር አትጋሩ፤ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

ብሩሹን የላካችሁ ልጆች ደግሞ፣ አሳቢነታችሁ ይባረክ። ስትደውሉ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ “እማዬ፣ ዛሬ እግርሽን አየሽው?”