ትንፋሽ ሲያጥራችሁ «እርጅና ነው» አትበሉ

ሽሮ ሜዳ፣ ጉድጓድ ውስጥ እግራችሁን ሰዳችሁ ስትሸምኑ ያረጃችሁ ወንድሞቼ፣ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ስትሸከሙ ወገባችሁ የጎበጠ እህቶቼ፣ ስሙኝ። ወደ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ ሦስቴ አርፈን «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» እንባባላለን። እኔም ስንት ዓመት ብያታለሁ። ይህች ቃል እየገደለችን ነው።

እርጅና ድርሻውን ይወስዳል፤ አልክድም። ጤነኛ ሳንባም ከጉልምስና በኋላ በየዓመቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል አቅም ያጣል። ስፓይሮሜትር የሚባለው የሳንባ መለኪያ ግን ይህን አስቀድሞ ያሰላል። ዕድሜ፣ ቁመትና ጾታ ይሞላለታል፤ ከዚያ በኋላ የነፋችሁትን በእናንተ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሰው ከሚነፋው ጋር ያስተያያል። በደንብ ተነፍቶ፣ የእርጅናም ድርሻ ታስቦ ብዙ ከጎደለ፣ ጉድለቱን በዕድሜ አታሳብቡ።

ስለዚህ ዕድሜያችሁን ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። የብዙዎቻችን መታወቂያ ላይ ያለው ግምት ነው። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ስንት ዓመታችሁ እንደነበር ቆጥራችሁ ሂዱ። ዕድሜ ከጨመራችሁ መሣሪያው ከእናንተ የሚጠብቀው ያንሳል፤ በሽታው ይደበቃል። ከቀነሳችሁ ደግሞ ደህናውን ሰው ታመሃል ይላል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን በ1846 እ.ኤ.አ. ስለዚህ መለኪያ ሲጽፍ ዕቃው ውሃ የተሞላ ትልቅ በርሜል ነበር። ዛሬ መዳፍ ላይ ያርፋል። ትንሽ ስለሆነ አትናቁት፤ የሚናገረው እናንተ የሰጣችሁትን ብቻ ነው። አየሩን እስከ ጥግ ስባችሁ፣ ከንፈራችሁን በአፍ መክተቻው ላይ ገጥማችሁ፣ በአንድ ጊዜ በኃይል ለቃችሁ፣ እስኪሟጠጥ ሳታቋርጡ መንፋት አለባችሁ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ።

እኔ በዚህ ተሳስቻለሁ። በልጄ ዕድሜ ባለች ነርስ ፊት ዓይኔ እስኪያነባ መንፋት አፈርኩና መሃል ላይ አቆምኩ። እዚያ የነበረም ሰው «ድገም» አላለኝም። «ደህና ነዎት» ተባልኩ። ኋላ ነው የገባኝ። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ ይታያል፤ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ተስቦም ከ100 እጅ 70 ካልሞላ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ሳይጨርስ ያቆመ ሰው ጠቅላላውን ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ድርሻ ትልቅ ይመስላል። ሀፍረቴ በሽታዬን ሸፈነልኝ።

«ሲጋራ አላጨስኩም» የምትሉም አትዘናጉ። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እዚሁ አገራችን በጥጥ ፋብሪካ የሚሠሩ 595 ሰዎችን አይቶ ነበር። ጥጡ በሚበተንበትና በሚባዘትበት ክፍል ከ100 ሠራተኞች ከ37 በላይ የሚሆኑት የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ተገኘባቸው። የእኛ ጉድጓድ ፋብሪካ አይደለም፤ ግን መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ባዘቶውም፣ ድሩም፣ ምድጃውም አብረውን አርጅተዋል።

ከመንፋታችሁ በፊት በቅርብ የዓይን ሞራ ተገፋችሁ እንደሆነ፣ ልባችሁን ታማችሁ እንደሆነ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካላችሁ ተናገሩ። የአፍ መክተቻው አዲስ ይሁን። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታ አስመርምሩ፤ ይህ መሣሪያ ቲቢን አይለይም። ለቲቢ ምርመራ ጴጥሮስ ሆስፒታል ስትገቡ ጎረቤት ያየኛል ብላችሁም አትቅሩ።

ባለቤቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። አርባ ዓመት በባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ጋገረች። አብረን ተለካን፤ እሷ ሦስቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ነፋች፤ የእሷ ከእኔ እጅግ ያነሰ ሆነ። ምጣዱን አሁን ወደ ውጭ አውጥተነዋል። እሷ ግን ከአልጋዋ ተነስታ በሩ ጋ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።