ጨው ሲበዛና አዮዲን ሲጎድል

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ካለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ፥ ሽሮ አዝዤ ስጠባበቅ፥ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ክርክር ተነሣ። ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገሉ፥ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ሲሆኑ፥ ሁለተኛው ከኮሌጅ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ጸሓፊ ነው። የክርክሩም መነሻ ወጣቱ ከወንበሩ ሥር ያኖረው በፌስታል የተቋጠረ አምስት ኪሎ ጨው ነበር።

«ይህን ሁሉ ጨው ምን ልታደርገው ነው?» ሲሉ ጠየቁት ሽማግሌው።

«ነገ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ ለእናቴና ለእኅቴ ልልክላቸው ነው፥ ጋሼ። እናቴ እንቅርት አለባት። እኅቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። አዮዲን ያለበት ጨው ይብሉ ተብሏል።»

«ወይ ልጄ! እኔን ሐኪሙ ደም ብዛትዎን የሚያብሰው ጨው ነውና ይቀንሱ ብሎኝ፥ ይኸው የማይጣፍጥ ወጥ ስውጥ እውላለሁ። አንተ ለወለደችህ እናትህ በኪሎ ትልክላታለህ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንባት!»

«ለእርስዎ ጠላት የሆነው ለእናቴ መድኃኒት ቢሆንስ፥ ጋሼ?»

ነገሩ አልቋጭ ሲላቸው፥ በመጽሔት እንደምጽፍ የሚያውቁት ሽማግሌ ወደ እኔ ዘወር ብለው «እስቲ አንተ ፍረደን!» አሉኝ። እኔም ሳይመረምሩ መፍረድ ነውር ስለሆነ ቀጠሮ ጠየቅኋቸው። ይህም ዓምድ የዚያ ፍርድ ሐተታ ነው። በውስጡ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ ያስታውሱልኝ።

ጨው በእኛ ዘንድ ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ነጋዴ ኮስማስ፥ የአክሱም ነጋዴዎች ከብትና ብረት፥ ጨውም ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፏል። ከዳናክል ረባዳ ምድር እየተጠረበ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በገበያ እንደ ገንዘብ ሲቈጠር ኖሯል። በብዙ አገር ቤት ቡና ሳይቀር በጨው ይጠጣል። ሰው ስንመክርም «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እንላለን። ነገር ግን አያቶቻችን በወርቅ የለወጡት ያ የከበረ ጨው አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ አዮዲን የለበትም ማለት ይቻላል።

አዮዲን ምንድን ነው? በ1811 በርናር ኩርቷ የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ሣር አመድ ሲመረምር ሳለ፥ አሲድ ቢጨምርበት ሐምራዊ ጢስ ወጣለት። ከዚያ በፊት ሰው የማያውቀው ንጥረ ነገር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ኩዋንዴ የተባለ የጄኔቭ ሐኪም እንቅርት ላለባቸው ሰዎች አዮዲን ሰጠ። በ1895 ደግሞ ጀርመናዊው ባውማን በአንገታችን ፊት ለፊት፥ ከማንቁርት በታች ባለው የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ አዮዲን መኖሩን አገኘ። የእንቅርት ምሥጢር የተፈታው በዚህ ዓይነት ነው።

የታይሮይድ ዕጢ ትንሽ ፋብሪካ ነው። የሚሠራው ሆርሞን የሰውነትን ሙቀት፥ ዕድገትና ጉልበት ያስተዳድራል፤ ከሁሉም ይልቅ የሕፃን አእምሮ የሚገነባው በእርሱ ነው። ለዚህ ሥራ ዋናው ጥሬ ዕቃ አዮዲን ነው። ጥሬ ዕቃው ሲጎድል ፋብሪካው አይዘጋም፤ በደም የምታልፈውን ጥቂት አዮዲን ሁሉ ለመያዝ ሲል ራሱን እያሰፋ ይሄዳል። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው።

የሚያስደንቀው የሚፈለገው መጠን ማነሱ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ይኸውም አንድ ግራም በሚሊዮን ቢከፈል ከዚያ 150ው ማለት ነው። 70 ዓመት ለሚኖር ሰው ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። የሰው የዕድሜ ልክ አዮዲን በአንዲት የሻይ ማንኪያ ተይዞ ያድራል! ችግሩ ሰውነታችን ይህን ለብዙ ዓመት ማከማቸት አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው መግባት አለበት።

ታዲያ ይህች ኢምንት ነገር እንዴት ትጎድላለች ቢሉ፥ መልሱ በመሬቱ ላይ ነው። የደጋን አገር አፈር ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት እያጠበ አዮዲኑን ወደ ባሕር ወስዶታል። በዚያ አፈር የበቀለው ጤፍና ገብስ፥ በዚያ ሣር ያደገችው ላም፥ ከዚያ ምንጭ የተቀዳው ውኃ ሁሉ የመሬቱን ድህነት ይካፈላሉ። ስለዚህም እንቅርት በአልፕስ፥ በሂማላያና በአንዲስ ተራሮች የታወቀ እንደሆነ ሁሉ፥ በእኛም ደጋ የታወቀ ነው። ባለጠጋም ብትሆን፥ ጎተራህ ሙሉ ቢሆንም፥ አፈርህ የሌለውን እህልህ አይሰጥህም።

የወጣቱ ጸሓፊ እናት አንገታቸውን በመስመር በመስመር ተነቅሰዋል። ንቅሳቱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርቱን ይገታል ተብሎም ነው። ብዙ እናቶቻችን ይህን ሥቃይ በከንቱ ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ያበጠ አንገት የሚታየው ጉዳት ነው፤ የማይታየው ከዚህ የከፋ ነው። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ሆርሞን ስለሌለው፥ አንጎሉን የሚገነባው ከእናቱ በሚያገኘው ነው። የእናቲቱ አዮዲን እጅግ ከጎደለ ፅንስ ይጨነግፋል፥ ወይም ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል፤ ወይም ደንቆሮና ድዳ፥ ቁመቱ የተቀጨ፥ አእምሮው የደከመ ሆኖ ያድጋል። ጉድለቱ መጠነኛ ሲሆን ደግሞ ልጁ ጤነኛ መስሎ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ግን ትምህርቱ አልገባው ይላል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ አባቱ ይገርፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዮዲን ማነስን በዓለም ላይ መከላከል ከሚቻሉት የአንጎል ጉዳት ምክንያቶች ቀዳሚው ነው ይላል። የእኅቱ ነገር ወጣቱን ቢያሳስበው እንግዲህ እውነት አለው።

መድኃኒቱ መሥራቱ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ከ1917 ጀምሮ ማሪንና ኪምቦል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው በአክሮን ከተማ ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን ሰጡ። አዮዲኑን ከወሰዱት 2,190 ልጃገረዶች ዕጢያቸው ያበጠ 5 ብቻ ሲሆኑ፥ ካልወሰዱት 2,305 ግን 495 ሆኑ። በዚያው ዘመን በስዊስ ተራሮች ባያርድ የሚባል የገጠር ሐኪም አዮዲን ከጨው ጋር ቀላቅሎ ለመንደሩ ሰዎች ያድል ጀመር። በ1922 አንዱ የስዊስ ክፍለ ሀገር፥ በ1924 ደግሞ በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት አዮዲን ያለበትን ጨው ለገበያ አወጡ። ጨው የተመረጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ሥጋ የማይበላ ድኃ አለ፥ ወተት የማያገኝ ሕፃን አለ፤ ጨው የማይቀምስ ግን የለም።

በአገራችን ነገሩ ዘግይቷል። በ1990ዎቹ ከአሰብና ከምጽዋ በሚመጣው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። በምትኩ ከአፋር ምድር፥ በተለይም ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨው ገበያውን ያዘ፤ እርሱ ግን አዮዲን አልነበረበትም። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶው 15 ያህል በሆኑ ቤቶች ሲሆን፥ በ2016 ግን በ89ኙ ተገኘ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም አዮዲን መኖሩ ሌላ፥ መጠኑ መብቃቱ ሌላ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ረታ ማለት ነውን? ቆዩ፤ የሽማግሌውንም ቃል እንስማ።

ጨው ከሁለት ነገሮች የተዋሐደ ነው፤ ሶዲየምና ክሎሪን። ደም ብዛትን የሚያመጣው በተለይ ሶዲየሙ ነው። ሶዲየም ውኃን ወደ ራሱ ይስባል። ጨው አብዝተን ስንበላ ኩላሊት ትርፉን ቶሎ ማስወጣት ያቅተዋል፤ በሥሮቻችን የሚዞረው ፈሳሽ ይበረክታል፤ ልብም በግፊት ትሠራለች። ይህ ዓመት ከዓመት ሲቀጥል የደም ሥሮች ይደድራሉ። መጨረሻው በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ ወይም መዘጋት፥ የልብ ድካም፥ የኩላሊት መበላሸት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ምልክት አለመስጠቱ ነው። ሰውየው ደኅና ነኝ ሲል ውሎ አንድ ቀን ግማሽ አካሉ ይዝላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የዓለም ሕዝብ የሚበላው ግን በአማካይ ከ10 ግራም በላይ ነው። በቻይና በ600 መንደሮች ወደ 21 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ፥ በ2021 የታተመ ጥናት ይህን አጉልቶ ያሳያል። ለግማሾቹ መንደሮች ከጨዋቸው ሩቡ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ተሰጣቸው፤ ሌላ ምንም አልተለወጠም። በእነርሱ ዘንድ በአንጎል ደም ሥር በሽታ የሚመታው ሰው ቍጥር ከሌሎቹ ከመቶው በ14 ያነሰ ሆነ። (እንዲህ ያለውን ጨው ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይድፈረው።)

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ሁለቱም ተከራካሪዎች እውነት ተናግረዋል፤ የተለያዩት ግን ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ ስለመሰላቸው ነው። ሽማግሌው ስለ ጨዉ፥ ወጣቱ ጨዉ ስለተሸከመው ጭነት ይናገራሉ። ጨው እንደ ፖስተኛ ነው፤ የምንፈልገው ደብዳቤውን ነው እንጂ ፖስተኛው ቤታችንን ሞልቶ እንዲያድር አይደለም። ሒሳቡም ይስማማል። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፥ በ5 ግራም ጨው ውስጥ 150 ማይክሮግራም ይገኛል፤ ይኸውም ለአዋቂ የቀን ድርሻው ነው። ለነፍሰ ጡር 250 ይፈለጋል፤ ጉድለቱንም በዕንቍላልና በወተት፥ ከተገኘም በባሕር ዓሣ መርዳት ነው እንጂ ጨው በመጨመር አይደለም።

ለቤታችን የሚሆነው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ጨው ስትገዙ በማሸጊያው ላይ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈውን ምረጡ፤ በገበያ ላይ በተከፈተ ጆንያ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የዋለው አዮዲኑ ይሸሻል። የባሕር ጨው ስለሆነ ብቻም አዮዲን አለው ብላችሁ አትታለሉ፤ ካልተጨመረበት ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ቤት ካገባችሁ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ፥ ከምድጃና ከርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ እንጂ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብራችሁ አትቀቅሉት። ደግሞም የተሰወረውን ጨው ቍጠሩ፤ በበርበሬው፥ በሽሮው ዱቄት፥ በቋንታው፥ በዳቦውና ሱቅ በሚሸጠው የሾርባ ማጣፈጫ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። ብዙ ወጣቶች ሳይቀምሱ ጨው ይነሰንሳሉ፤ ይህ ልማድ እንጂ ጣዕም አይደለም። ምላስ ቶሎ ይለምዳል፤ በጥቂት ሳምንታት ያነሰው ጨው ይበቃዋል። በመጨረሻም ወጣት ነኝ ሳትሉ አልፎ አልፎ ደም ብዛታችሁን ተለኩ።

ይህን ሁሉ በቀጠሮው ቀን በዚያችው ምግብ ቤት ለሁለቱም ነገርኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «ታዲያ እኔ ጨው ከቀነስሁ አዮዲኑን ከየት ላገኘው ነው?» አሉኝ። መልካም ጥያቄ ነው። የምትቀምሷት ያቺው ጥቂት ጨው አዮዲን ያለባት ትሁን አልኋቸው።

ወጣቱንም ሳልወቅሰው አልቀረሁም። አምስት ኪሎ ባንድ ጊዜ መላኩ ደግ አልነበረም፤ ብዙ ወር ሲቀመጥ አዮዲኑ ይቀንሳልና። የእናቱም እንቅርት የቆየና ያደገ ስለሆነ በጨው ብቻ አይጠፋም፤ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ለእኅቱ ግን ጊዜው አሁን ነው፤ እንዲያውም ከማርገዟ በፊት ቢሆን በተሻለ ነበር።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ወደ አገር ቤት ደወለ። ሰላምታውን ሳይጨርስ እኅቱን እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ «ጨዉን በክዳን ዕቃ አድርጊው። አታብዢ። ጥቂት፥ ግን በየቀኑ።»

ከእኔ ረጅም ሐተታ ይልቅ የእርሱ አጭር ቃል ፍርዱን ጨርሶታል።