የቆቦ ጉድጓድ የናፍጣ ቦቴ አይጠብቅ

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት ቆቦ ሲደርስ ሜዳው ይለጠጣል። የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል። በኋላም የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶችን አስቆፈረ።

የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ያለ ኃይል አይወጣም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ የአካባቢው ከተሞች ለወራት ያለ መብራት ቆዩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ጀነሬተር ላይ ነው። ሒሳቡ ግን ከባድ ነው። አነስተኛ ጀነሬተር ከ1 ሊትር ናፍጣ የሚያወጣው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ 15 ኪሎ ዋት የሚፈልግ ፓምፕ በሰዓት 5 ሊትር ገደማ ይጨርሳል ማለት ነው። ናፍጣው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። መንገድ ሲዘጋ ቦቴውም ይቀራል፤ መጠባበቂያው በሚያስፈልግበት ሰዓት ባዶ በርሜል ይሆናል።

ዋናው የኤሌክትሪክ መስመርስ ቢባል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም ምሰሶ ከወደቀ ወይም ሽቦ ከተበጠሰ የግድቡ ኃይል ቆቦ አይደርስም።

ስለዚህ ጀነሬተሩ ይቀመጥ፤ ቅድሚያው ግን ለማዋለጃ ክፍል፣ ለክትባት ማቀዝቀዣና ለመጠጥ ውሃ ይሁን። የመስኖ ፓምፖቹን በቆላው ፀሐይ ማሠራት ይቻላል። የአማራ ክልል መንግሥት የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ተከላን፣ ከጥገና ባለሙያና ከመለዋወጫ ጋር፣ በመጪው ዓመት በጀት ሊይዝ ይገባል።