እጅና እግር እንዴት ይማራሉ?

የልጅን ትምህርት ባነሣን ቁጥር ሐሳባችን ቶሎ ብሎ ወደ ፊደልና ወደ ቁጥር፣ ወደ ደብተርና ወደ ፈተና ይሄዳል። ነገር ግን ሕፃኑ ከፊደል ገበታ ፊት ከመቀመጡ ከብዙ ጊዜ በፊት የጀመረው ሌላ ትምህርት አለ፤ ይኸውም የእጅና የእግር ትምህርት ነው። አንገትን ማቅናት፣ መቀመጥ፣ መዳህ፣ ቆሞ መሄድ፣ ፍሬ በሁለት ጣት ማንሣት፣ ኋላም ብርዕ መያዝ፣ እንዝርት ማሾር፣ ሊጥ በምጣድ ላይ ማዞር፣ ይህ ሁሉ ከማኅፀን ተይዞ የሚወጣ ሳይሆን ቀን በቀን የሚለመድ ነው። በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህ ጥቂት ለመናገር ያሰብነው፣ ከወላጆች አፍ «ልጄ እስከ ዛሬ ለምን አልሄደም?»፣ «ጽሕፈቱ ለምን እንዲህ ተንጋደደ?»፣ «ግራ እጁን እንዴት እናስተወው?» የሚሉ ጥያቄዎች ስለማይጠፉ ነው። በጥያቄዎቹ ውስጥ ያለው ጭንቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቁጣ፣ አልፎ አልፎም ወደ ዱላ ሲለወጥ ይታያል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ የለም። አባቶቻችን ስለ ትዕግሥት የተናገሩት ቢሆንም ለሕፃን አካሄድ ቃል በቃል የሚስማማ ነው፤ የሚቀረው «ቀስ በቀስ» የተባለው ስንት ወር እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የሚኖሩ ጤናሞች ሕፃናትን አስከትሎ ካጠና በኋላ በ2006 ዓ.ም. ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ሕፃን ያለ ደጋፊ ብቻውን የሚሄድበት ጊዜ ከ8 ወር ጥቂት አለፍ ብሎ ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ የእኛው በ14 ወሩ ገና መዳሁ ጉድለት አይደለም። ከእነዚያው ጤናሞች ሕፃናት መካከል ከመቶ አራቱ ያህል በእጅና በጉልበት ሳይድሁ በቀጥታ ወደ መሄድ ተሻግረዋል።

ልጅ የሚሄደው ጊዜው ስለደረሰ ነውን? ወይስ ስለተለማመደ? ሊቃውንት በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋል። አርኖልድ ጌዜል የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር በ1929 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሁለት መንታ ሴቶች ልጆች አንዲቱን ከ46 ሳምንቷ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደረጃ መውጣት አለማመዷት፤ ሁለተኛይቱን ግን ትተዋት ቆይተው በ53 ሳምንቷ ለሁለት ሳምንት ብቻ ቢያለማምዷት እኅቷን ለመድረስ ብዙም አልቀራት። ከዚህ የተነሣ «ሁሉም የሰውነት መብሰል ነው፤ ልምምዱ ትርፍ ድካም ነው» የሚል አስተያየት ለረጅም ጊዜ ገኖ ኖረ።

ይህን አስተያየት ካናጉት መካከል ኤስተር ቴለን የተባሉት ተመራማሪ ይገኙበታል። አዲስ የተወለደን ሕፃን በብብቱ ይዘው እግሩን መሬት ቢያስነኩት እንደ መራመድ እያደረገ እግሮቹን ያፈራርቃል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ግን ይህን ይተወዋል። ቀድሞ ምክንያቱ የአንጎል መለወጥ ነው ይባል ነበር። ቴለንና ባልደረቦቻቸው ግን በ1984 የሕፃናቱን እግር ውኃ ውስጥ ቢያስገቡት የጠፋው እርምጃ ተመልሶ መጣ! የሕፃኑ ጭን በእነዚያ ወራት ስለወፈረ ጡንቻው ሊያነሣው አቅቶት ኖሯል እንጂ አእምሮው እርምጃውን አልረሳውም። መሄድ የአንጎል ብቻ ሳይሆን የክብደትና የጉልበት፣ የወለልና የሚዛንም ጉዳይ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከጎረቤታችን ከኬንያ የተገኘውም ማስረጃ ልብ የሚነካ ነው። በምዕራብ ኬንያ በሚኖሩት በኪፕሲጊስ ሰዎች መንደር ቻርልስ ሱፐር የተባሉት ተመራማሪ ያደረጉት ጥናት በ1976 ታትሟል። እናቶቹ ልጅን መቀመጥና መሄድ ማስተማር የቤት ተግባር አድርገው ይዘውታል። ከአምስትና ከስድስት ወር በኋላ መሬቱን ትንሽ ጎድጎድ አድርገው በጨርቅ እየደገፉ ሕፃኑን ያስቀምጡታል፤ ከብብቱ ይዘውም እግሩን መሬት እያስነኩ ያራምዱታል። እነዚህ ልጆች የተቀመጡትም የሄዱትም ከአሜሪካ ልጆች አንድ ወር ያህል ቀድመው ነው። ባልተማሩት ነገር፣ ለምሳሌ በመዳህ፣ ግን ምንም አልቀደሙም። አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች የአፍሪካ ሕፃን በተፈጥሮው ፈጣን ነው ብለው ጽፈው ነበር፤ ሥራው ግን የእናት ሥራ ሆኖ ተገኘ። በእኛም አገር አያቶች ልጁን ከጉልበታቸው ላይ አቁመው በሁለት እጁ ይዘው ሲያዘልሉት እያየን እንደ ጨዋታ ብቻ ቆጥረነው ይሆናል፤ ከጨዋታነቱ ያለፈ ጥቅም አለው።

መለማመድ ስንል ግን ምን ያህል መሆኑን ማን ያስበዋል? በኒው ዮርክ ካረን አዶልፍና ባልደረቦቻቸው ከ12 እስከ 19 ወር የሆናቸውን ሕፃናት በነፃ ሲጫወቱ ቆጥረው በ2012 እንዳወጡት፣ አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ ይራመዳል፤ 17 ጊዜም ይወድቃል። በአንድ ሰዓት 17 ጊዜ የወደቀ አዋቂ ሰው ከአልጋ የሚነሣ አይመስለንም። ሕፃኑ ግን ተነሥቶ ይቀጥላል። በወደቀ ቁጥር የምንጮኽ፣ አንሥተን ከጀርባችን የማናወርደው ከሆነ ያንን ሁሉ ትምህርት ነው የምንቀማው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ሊያግዙት ብለው ጎማ ያለው መራመጃ ወንበር ይገዙለታል። ይህ ዕቃ ልጅን ቶሎ ያስሄዳል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ አያስሄድም። ሕፃኑ ክብደቱን በወንበሩ ላይ ጥሎ በጣቱ ጫፍ ይገፋል እንጂ ሚዛኑን አይጠብቅም። ከዚህም በላይ በደረጃ ላይ ይገለብጠዋል፤ ወደ ምድጃና ወደ ፈላ ውኃ በቅጽበት ያደርሰዋል። ካናዳ በ2004 እንዳይሸጥና እንዳይገባ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢውል እንመርጣለን፤ ጠንካራ ዱካና የንጹሕ ወለል ስፋት ይበቃዋል።

ከዚሁ ጋር ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። እኒሁ አዶልፍ ሕፃናትን ከቁልቁለት ጫፍ አቅርበው ሲመለከቱ፣ ብዙ ሳምንት የዳኸ ልጅ አደገኛውን ቁልቁለት ለይቶ እንደሚመለስ አዩ። ያው ልጅ ቆሞ መሄድ በጀመረ ጊዜ ግን ያንኑ ቁልቁለት ምንም ሳይፈራ ገባበት! በጉልበቱ የተማረውን ጥንቃቄ እግሩ ገና አልተማረውም። ስለዚህ «የእኔ ልጅ ደረጃውን ያውቀዋል፤ ከምድጃውም አይቀርብም» ብለው የሚተማመኑ እናት፣ ልጁ ቆሞ በሄደ ሰሞን ጥበቃውን እንደ አዲስ ይጀምሩ ዘንድ እንለምናለን። በምድጃ የሚቃጠለው ልጅ ትናንት ሲጠነቀቅ የታየው ሊሆን ይችላል።

ትዕግሥትም ወሰን አለው። ልጅ 18 ወር ሞልቶት ብቻውን ካልሄደ፣ ይችል የነበረውን ነገር ከተወ፣ ወይም አንድ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ እየያዘ ሌላውን ችላ ካለ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ምልክት ብዙ ጊዜ «ግራኝ ሊሆን ነው» ወይም «ቀኙ በረታ» ተብሎ ይታለፋል፤ ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ችላ የተባለው እጅ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ደግሞ ወደ እጅ እንለፍ። እንጀራ መጋገር የምትማር ልጅ በመጀመሪያው ቀን የምታወጣው እንጀራ አንዱ ጎኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ፣ መካከሉም ቀዳዳ ነው። እናቲቱን «እንዴት ነው የሚደረገው?» ብትጠይቃቸው «እንዲህ ነው» ብለው ከጠርዝ ወደ መካከል ያዞሩላታል እንጂ በቃል ሊያስረዷት አይችሉም። ይህ የእናቲቱ ስንፍና አይደለም፤ የእጅ ዕውቀት የሚቀመጥበት ቦታ ከቃል ዕውቀት ልዩ ስለሆነ ነው።

ይህንም ያስተማረን የአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌሶን የተባለ አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታው እንዲድን በ1953 በአንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በልቡ ማኖር ተሳነው፤ አሁን ያነጋገረውን ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት የሞንትሪያል ሊቅ ይህን ሰው በመስታወት ብቻ እያየ በሁለት መስመር መካከል ኮከብ እንዲስል ሰጡት። ሥራው ለማንም ቢሆን አስቸጋሪ ነው። ሞሌሶን ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ በሦስተኛው ቀን አሳምሮ ሠራው፤ በየቀኑም ይህን ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቼው አላውቅም ይል ነበር። ራሱ የረሳውን እጁ አስታወሰ! ይህ በ1962 ተገለጸ፤ ሞሌሶንም በ2008 ዐረፈ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ከማጅራት በላይ ያለው ንዑስ አንጎልና በአንጎል ውስጥ የተቀበሩ ሌሎች ክፍሎች የእጅን ትምህርት ይይዛሉ።

ስለዚህ ልጅቱ ሊጡን ስታዞር ከኋላዋ ቆሞ «ቀጭን አድርጊው! ፍጠኚ! እጅሽን አንሺ!» እያሉ መጮህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ቀስ ብሎ ደጋግሞ ማሳየት፣ ከዚያም ምጣዱን ለእርሷ ለቅቆ ጥቂት መራቅ ይሻላል። የተበላሸው ለፍርፍር ይሆናል። (እንጀራ መጋገር ለወንዶች ልጆችም አይከፋም፤ ብቻቸውን ከቤት ርቀው የሚኖሩበት ዘመን ነው።)

ስንት ጊዜ መለማመድ ይገባል ለሚለው፣ በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠራተኞች የመሣሪያ ፊደል መምታት ሲማሩ አለን ባደሊና ባልደረባቸው መዝግበው በ1978 ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጣል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት ፊደላቱን ለመልመድ በጠቅላላው 35 ሰዓት ያህል ሲበቃቸው፣ በቀን አራት ሰዓት የተማሩት 50 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። የሚያስቀው ግን፣ ባነሰ ሰዓት የለመዱት እነዚያው የአንድ ሰዓት ተማሪዎች በሥልጠናቸው ያልተደሰቱት መሆናቸው ነው፤ በቀን ሲቆጠር ከጓደኞቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ መስሏቸው ነበርና። ልጅን ቅዳሜ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አስቀምጦ ማስጻፍ እንግዲህ ድካምን ማብዛት ነው። በየቀኑ ሩብ ሰዓት አጽፎ፣ ማታ በደንብ እንዲተኛ ማድረግ ይሻላል፤ እጅ የተማረውን በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚያጸናው ተረጋግጧል። የፊደላችን 33 ረድፍ ሰባት ሰባት ሆኖ 231 መልክ አለው። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ጽሕፈት የተለያየ ሙያ የነበሩት ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ቁም ጸሐፊ አልነበረም። የስድስት ዓመት ልጅ «ጨ»ን አንብቦ ሲጽፋት ቢያንጋድዳት ዓይኑ ከእጁ ስለቀደመ ነው።

የግራ እጅ ነገር ቀርቶናል። ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ግራኝ ነው፤ ይህም በየሕዝቡ ያለ ነው። ኢማም አሕመድ በ16ኛው መቶ ዓመት በዚሁ ስም መታወቃቸው ለቃሉ መጥፎ ስሜት አትርፎለት ይሆናል፤ ልጁ ግን በዚያ ጦርነት የለበትም። በማዕድ በቀኝ መብላትና በቀኝ መቀበል የጨዋነት ልማድ ስለሆነ ልጁ ቀስ ብሎ ይማረዋል፤ ይህን አንቃወምም። ብርዕ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግራ እጅን በማሰር ወይም ጣትን በማስመሪያ በመምታት ወደ ቀኝ ማዛወር፣ ልጁ ያካበተውን ሁሉ ጥሎ በደካማው እጁ እንደገና እንዲጀምር ማስገደድ ነው፤ ጽሕፈቱ ይዘገያል፤ ትምህርት ቤትንም ይጠላል።

ጽሕፈታችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የግራኝ ልጅ እጅ የጻፈውን ይሸፍንበታል፣ ቀለሙንም ያጠፋበታል። መምህሩ ደብተሩን ከራስጌው ወደ ቀኝ ትንሽ ቢያዘነብልለት፣ እጁም ከመስመሩ በታች እንዲያርፍ ቢያለማምደው ያለ ችግር ይጽፋል። ሦስት ልጆች በሚቀመጡበት ወንበር ላይም በግራ ጫፍ በኩል ቢያስቀምጠው ክርኑ ከጓደኛው ክርን ጋር አይጋጭም።